ለአባዬ ሳጥን የመረጥኩት ስፒከር

የአባዬ አምፕሊፋየር በዕድሜ ይበልጠኛል። ውስጡ በመስታወት አምፖሎች የሚሠራ፣ ሞቆ እስኪነሳ የሚያስጠብቅ፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያስቃስት የእንጨት ሳጥን ነው። በቅርቡ የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደና ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋ ጀመር። የሚጫወትበት ሆቴል አጉረመረመ። ድሮ ከበሮ ሲመታ ይሰብር ስለነበር መዶሻ የምንለው የባንዱ መሪ፣ «ነገ መጥቼ እሰማለሁ፤ ካልተስተካከለ ሌላ ጊታሪስት እይዛለሁ» ብሎ ላከበት።

«ስፒከሩ ነው እንጂ እጄ ምን ሆነ?» አለኝ አባዬ።

ስፒከር ለእኔ ተዉት። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታሁ፣ እየተረገምኩ ነው የተማርኩት። ለሳጥኑ ልክ የሚሆኑ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች አገኘሁ። አንዱ ማግኔቱ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱን የጊታር ክር ለይቶ ጥርት አድርጎ ያወጣል። ሌላው ድፍን ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል፣ በዚያ ላይ ሳጥኑን ያርገፈግፈዋል። ጆሮ ላለው ሰው ምርጫው ያለቀለት ነበር።

አባዬ ወንበሩን ስቦ፣ እንደ ልማዱ ጉልበቱን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ፣ ሁለቱንም በየተራ ሞከረ።

«ሁለተኛው» አለ ሳያመነታ። ድፍኑን ማለቱ ነው።

«አባዬ ቀልድህን ተው! ይሄ እኮ ጭቃ ነው።»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ መጫወት የጀመርኩት።»

«እኔ ደግሞ ጆሮ ይዤ ነው የተወለድኩት።»

ሳቀ። የሳጥኑ መንቀጥቀጥ እንዳያታልለን ብዬ ጥግ ድረስ ጎትቼ አሮጌ ፍራሽ ላይ አወጣሁት፤ ጥርት ያለውን ስፒከርም መልሼ ገጠምኩ። አባዬ ክሩን መታ። ክፍሉ በድምፅ ሞላ። «ይኸውልህ!» ልለው ዞርኩ።

«አብሪው እንጂ» አለኝ።

የሚቀልድ መሰለኝ። ደግሞ መታ። አንዷ ክር ረግባ ኖሮ የሰፈር ውሻ የሚያስጮህ ድምፅ ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«በርቷል፣ አባዬ።»

አፌን አየ። ቀጥሎ የሳጥኑን ቀይ መብራት አየ። ሁልጊዜም ስናወራው አፋችንን ነው የሚያየው፤ እናቴ ፍቅር ነው ብላ ስትኮራበት ኖራለች።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለና ጉልበቱን ዳበሰ። «በዚህ ነው የምሰማው። ከጀመርኩ ቆየሁ።»

ክሮቹን ቃኘሁለት። ጥርት ያለውን ስፒከር ፈትቼ ድፍኑን ገጠምኩ። ብሎኑን ባጠበቅኩ ቁጥር የገዛ እጄ አስጠላኝ። ሳጥኑን ጉልበቱ ሥር መለስኩለት።

በማግስቱ መዶሻ መጣ። አባዬ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተ፤ ምት አልሳተም። እዚህም እዚያም ጣቱ የሳተውን ድፍኑ ዋጠለት።

መዶሻ ጆሮውን ኮረኮረ። «ጋሼ፣ እጅዎ እንዳለ ነው! ጉዱ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ማነው የጠገነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቀብረሽዋል በይ እንጂ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ስሙን አስረስቼ እልከው ነበር።

መዶሻ ጃኬቱን አንስቶ ወደ በሩ እየሄደ ቀጠለ። «ግድ የለም፣ ይጣል። ሆቴሉ አዳዲስ ስፒከር ጣሪያው ላይ አሰቅሏል። ጋሼ ገመዳቸውን ግድግዳው ላይ ይሰኩና ይጫወታሉ፤ ሳጥን መሸከም ቀረ። ቅዳሜ እንገናኝ!»

ይህን ሁሉ ያወራው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። በሩ ተዘጋ።

አባዬ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረ። ጉልበቱ ገና ሳጥኑ ላይ ነው።

«ምን አለ? ወደደው?»

«ቅዳሜ ትጫወታለህ አለ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን ከፈት እያደረግኩ።

«አላልኩሽም? ሁለተኛው ነው አላልኩሽም?»

የቀረውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ክሮቹ መልሶ መጫወት ጀምሯል።