ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ፓውንድ

ደግሞ ውሃው ወደ ላይ እየመጣበት ነው፣ እስከ ጉሮሮው፣ አንድ ጋሎን ሙሉ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ቀልድ አይደለም፣ ላዴሪክ ግሪግስ በባዶ እግሩ፣ በቁምጣ፣ ትንፋሹን አምቆ በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚዛን ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ከፊቱ አሥራ አንድ ሰው፣ ከአሥራ አንዱ ፊት ሚዛኑ። ከጠባቡ ቁምጣው ሥር፣ በሁለቱ ጭኖቹ ላይ፣ ሁለት ክብ ብረት በፕላስተር ተጣብቋል፣ እያንዳንዱ ሁለት ፓውንድ ተኩል፣ ትናንት ከስፖርት መሥሪያው ክፍል በፎጣ ጠቅልሎ ያወጣው። ይቀዘቅዛል። ዝም ብለህ ቁም፣ ስትራመድ እንደ ነፍሰ ጡር ነው፣ ሰው ያይሃል፣ ይዩኝ፣ ምን አገባቸው፣ ዘጠና ጎረምሳ ማለዳ እንደ ከብት ተሰልፎ በሚመዘንበት ቤት ማን ማንን ያያል።

ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት። በርዴት ያለው ይሄንን ነው። የፊት መስመሩ አሰልጣኝ በርዴት፣ ትንባሆውን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ፣ ሰኞ ዕለት በር ላይ አስቁሞት፣ ዓርብ ጠዋት ሚዛን ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ካላየሁ እኔ ዘንድ ቦታ የለህም ልጄ። ልጄ ይላል ደግሞ። ቅዳሜ የጸደዩ ግጥሚያ ነው፣ እሑድ ደግሞ ቦታ ያልተገኘላቸው አንድ በአንድ ዋናው አሰልጣኝ ቢሮ ይጠራሉ፣ እዚያ ቢሮ ገብቶ ሻንጣ ሳይሸክፍ የቀረ እስካሁን አልታየም። በአራት ቀን እንዴት ነው የምጨምረው ኮች፣ አለው ላዴሪክ። በርዴት የያዘው ጠርሙስ ውስጥ ምራቁን ጢቅ አደረገ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው፣ እኔ ቁጥር ነው የማነበው፣ ውሃ የሚባል ነገር አለ አይደል። ዓይኑን እንኳ አልጠቀሰም። ዓይኑን ቢጠቅስ ኖሮ ቢያንስ ወንጀሉን አብረን እንሠራ ነበር።

ዘጠኝ ሰው። አንዱ ይወጣል፣ ቀይ ቁጥር ይበራል፣ ይወርዳል፣ ዜሮ።

ጥፋቱ የዚያች ቃል ነው። ስፖርተኛ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ተጫዋች መልማዮች ሚሲሲፒን ከዳር እዳር ሲያስሱ የየልጁን ስም ከነቦታው ነበር የሚጽፉት፣ ይሄ ኳስ ወርዋሪ፣ ይሄ ይዞ ሯጭ፣ ይሄ ገፊ፣ ከእሱ ስም ጎን ግን ስፖርተኛ ብለው ጻፉ፣ የትም ብታስገባው ይሆናል ማለት ነው፣ እናቱ ወረቀቱን ከጋዜጣው ቆርጣ እስከምትሠራበት ዶሮ ፋብሪካ ድረስ ይዛው ሄዳ በጓንቷ እያሻሸች ለመቶ ሰው አሳየች፣ ፓስተሩ ከነቤተሰቡ መድረክ ላይ አውጥቶ አስጨበጨበለት። አያቱ ኢዝራ ብቻ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ካነበበ በኋላ፣ ሁሉ የሚዋሰው በቅሎ መኖ የሚሰጠው የለም፣ አለ። ላዴሪክ ሁለት ሳምንት አኮረፈው። ይሄ ሽማግሌ ቀንቶ ነው አለ። አፈር ልብላ አያቴ።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የኋላ ጠባቂ ነበር እኮ። ከሁሉም ጀርባ ቆሞ ሃያ አንዱንም ሰው ፊቱ ላይ አስጥቶ የሚያይ፣ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ የት እንደምታርፍ የሚያውቅ፣ በአንድ ወቅት አሥራ አንድ ኳስ ከአየር ላይ የቀማ። ዩኒቨርሲቲው ሲገባ ግን ትከሻህ ሰፊ ነው አሉና ወደ መሃል አመጡት፣ የመሃሉ አሰልጣኝ ስትሪክላንድ ስጦታ ነህ አለው፣ ግን ቅለል፣ ላዴሪክ የቆሻሻ ፕላስቲክ ለብሶ በነሐሴ ፀሐይ ሮጦ ቀለለ። ከዚያ ይዞ ሯጭ አጠረን ተባለ፣ አሥራ አራት ቀን ሮጠላቸው። ከዚያ ኳስ ተቀባይ። ስጦታ ነህ። ከዚያ በርዴት፣ ስጦታ ነህ፣ ግን ክበድ፣ ዘጠኝ እንቁላል በአንድ ጊዜ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ ከነብልቃጡ፣ እስኪያቅረው። የእያንዳንዱ ቦታ ተጫዋቾች የስብሰባ ክፍል ለብቻው ነው፣ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል፣ እሱ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ኮሪደር ላይ የቀረው አርፍዶ አይደለም፣ የቱ በር እንደሆነ ጠፍቶት ነው። ለአምስት ሰው ልብሱን ያወለቀ ሴተኛ አዳሪ ይባላል። ይበቃል፣ እንደዚያ አታስብ። ለምን አላስብ።

ስድስት ሰው። ውሃው ዋለለ።

አሞሃል እንዴ፣ ይለዋል ከፊቱ ያለው፣ ዞሮ፣ ታነር ኪብል፣ ቀይ ፀጉር፣ የቴነሲ ልጅ፣ ላብህ ነው ወይስ ሻወር ወስደህ ነው። ወደ ፊትህ ዙር፣ አለው ላዴሪክ። ኪብልን ከሁሉም አብልጦ ይጠላዋል፣ ምንም አላደረገውም፣ ለዚያ ነው የሚጠላው። የኪብል ሥራ ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ መወርወር ነው፣ በእግሩ ለሚመታት ተጫዋች፣ በአንድ ግጥሚያ ስምንት ጊዜ ቢበዛ፣ ሌላ ሥራ የለውም፣ አይሮጥም፣ አይቀማም፣ ሲያዩት ፖስታ አመላላሽ ነው የሚመስለው፣ ግን ትምህርቱ በነፃ፣ ቁርሱ በነፃ፣ እናቱ ልጅሽ ምንድነው ስትባል መልስ አላት። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው እንዴ ፊቱ የሚያርፈው። በጥፊ ባልኩት።

ኪብል ግን አይዞርም። ደስ ይበልህ እንጂ፣ ይላል፣ ትናንት ልምምድ ላይ የመሃሉ ተጫዋች የሜይስ ጉልበት ተበጠሰ አይደል፣ መሃሉ ባዶ ሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩን ቀይረው አንተን ወደ መሃል መልሰውሃል፣ ቅዳሜ ከመጀመሪያው ነው የምትገባው አሉ፣ አልነገሩህም እንዴ።

ምን አልክ።

ስትሪክላንድ ራሱ ነው ዛሬ መዝጋቢው፣ ተመልከተው፣ አለ ኪብል።

ይመለከታል። እውነትም ሚዛኑ አጠገብ ወረቀቱን የያዘው በርዴት አይደለም፣ ስትሪክላንድ ነው፣ ረጅሙ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፈው። በርዴት ግድግዳውን ተደግፎ ጠርሙሱን ያሽከረክራል። የመሃል ሰው ሁለት መቶ አርባ ነው፣ አሥር ፓውንድ ድረስ ይታለፋል፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ግን ቅዳሜ ሜዳ አይገባም፣ ይሄን ሕግ ውሻው ሁሉ ያውቀዋል። እና እሱ ሆዱ ውስጥ ጋሎን፣ ጭኑ ላይ ብረት። ውጣ። ከሰልፍ የወጣ እንደ ቀሪ ነው የሚቆጠረው። ሽንት ቤት ልሂድ በላቸው። አይፈቅዱልህም። ብረቱን እዚሁ ልላጠው፣ ሦስት ሰው፣ ፕላስተሩ ሲላጥ ይጮሃል፣ ሁለት ሰው፣ ሳቅ አለበት ደግሞ፣ እውነቱን ብታየው ያስቃል፣ መሃሉን ሳላሳድደው ራሱ ወደ እኔ እየመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ድንጋይ ታጥቄ። ከሁለት ያጣ። ኪብል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዜሮ።

ግሪግስ፣ ይላል ስትሪክላንድ፣ ፊቱም ፈካ ይላል፣ ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ፊቱ ይፈካል፣ ተመለስክልኝ አይደል።

አቤት ኮች፣ ይላልና ይወጣል።

ቁጥሩ ይንከራተታል፣ ከዚያ ቀጥ። ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት። ቅንጣት አላለፈም፣ ቅንጣት አልጎደለም። እና ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ፣ ለአንዲት ሰከንድ ኩራት ይሰማዋል፣ በሕይወቱ እንዲህ ልክ የመጣለት ነገር የለም።

ምን በልተህ ነው አንተ፣ ይላል ስትሪክላንድ። ከኋላ ሳቅ። አንዱ፣ ከነገበታው ነው የዋጠው፣ ይላል፣ ሌላ ሳቅ። ላዴሪክ ወደ ግድግዳው ያያል። ኮች በርዴት ናቸው ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ያሉኝ፣ ይላል፣ ድምፁ የራሱ አይመስልም። በርዴት ጠርሙሱን ከአፉ ያወርዳል፣ ክብደት ጨምር አልኩት እንጂ በርሜል ሁን አላልኩትም። አሁን ሁሉም ነው የሚስቀው። ኪብል ብቻ አይስቅም፣ እሱም አለመሳቁ ያናድዳል።

እጁ ቁምጣው ውስጥ ነው። አላዘዘውም። ፕላስተሩ ፀጉሩን ነጭቶ ይነሳል፣ አንድ ብረት፣ ሌላው ብረት፣ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ይሄዳል፣ ከሚዛኑ ወርዶ ሁለቱን በርዴት እጅ ላይ ያስቀምጣል። ያዙልኝ ኮች፣ ከስፖርት መሥሪያው ክፍል ነው ያመጣኋቸው። በርዴት ብረቶቹን ያያል፣ የማያውቃቸው ያህል።

ስትሪክላንድ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ። ውሃም አለበት?

አለበት ኮች።

ያለ ብረቱና ያለ ውሃው ስንት ነህ?

ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ። ይቁጠር እስቲ፣ ሲቀልል በፕላስቲክ ሲከብድ በውሃ፣ ወይ አፍኖ ወይ ሞልቶ፣ ሚዛኑ ላይ እንዲሁ እንደተፈጠረ የወጣበት ጠዋት ትዝ አይለውም፣ አንድም።

አላውቅም ኮች።

ስትሪክላንድ ወረቀቱን ዝቅ ያደርጋል። ሚዛን ላይ የሚዋሸኝን ልጅ፣ ይላል፣ ሜዳ ላይ ከየት ልፈልገው፣ ሂድ፣ ደረጃውን ሩጥ፣ ዝርዝሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይለጠፋል። እና ብዕሩን ያነሳል። ቀጥሎ፣ ይላል።

ደረጃ። የስታዲየሙ ደረጃ ሲሚንቶ ነው፣ ሰማንያ አንድ፣ ሆዱ እንደ እንስራ እየተናጠ፣ አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ በአምስተኛው አናቱ ላይ አጥሩን ይዞ ያስመልሳል፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ እንቁላሎቹም። በርዴት፣ እናትህን። ሜይስ፣ ጉልበትህን ትናንትና ነው የምትበጥሰው፣ ማክሰኞ ብትበጥሰው ምን አለበት፣ ይቅር በለኝ ሜይስ፣ አይ ይቅር አትበለኝ። ኪብል፣ አንተንም። ከዚህ ላይ ሆኖ ሜዳው በሙሉ ይታያል፣ ድሮ ከኋላ ቆሞ እንደሚያየው፣ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሮጡ ሳይሮጡ ይታየዋል፣ እናም ዓይኑ በእንባ ይሞላል፣ ላብ ነው፣ እንባ ነው። ማን ነው ውሃውን የጠጣው። በርዴት አፍህን ፈልቅቆ ጨመረብህ? ብረቱን ማን አጣበቀ? እኔ። በገዛ እጄ፣ ፕላስተሩን በጥርሴ እየቆረጥኩ። ሩጥ። እስከ አሥራ አንደኛው ሮጠ፣ ከዚያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ እግሩ ራሱ መለሰው።

የሚዛኑ ክፍል ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ። በሩ ላይ ዝርዝሩ ተለጥፏል፣ በመሃል ቦታ የአንድ ጀማሪ ስም፣ ከሱ ሥር ሌላ ጀማሪ፣ የፊት መስመሩንም ያነበዋል፣ የኋላ ጠባቂዎቹንም፣ ኳስ ወደ ኋላ ወርዋሪ፣ ኪብል፣ እስከ ታች ያነበዋል፣ ከዚያ እንደገና ከላይ፣ ግሪግስ የሚል የለም። እሑድ። እናቴ ስትደውል ምን እላለሁ። ስፖርተኛ ነኝ እላታለሁ።

ጫማውንና እርጥብ ካልሲውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። በሆዱ ምንም የለም፣ በጭኑ ምንም የለም፣ ፕላስተሩ የነጨው ቦታ ብቻ ያቃጥለዋል። ቁጥሩ ይንከራተታል። ሁለት መቶ አርባ ሰባት።

አርባ ሰባት። ከሁለት መቶ ሃምሳው ሦስት ይተርፈው ነበር። ምንም ሳይጠጣ፣ ምንም ሳያጣብቅ፣ ከአልጋው ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ቢመጣ ኖሮ፣ እንዲሁ፣ ተመለስክልኝ አይደል፣ አዎ ኮች፣ ቅዳሜ ከመጀመሪያው። የሚጠራው ሰው ይፈልጋል፣ ኑ እዩ፣ ይሄ ነው የኔ፣ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፣ ሁሉም በየበሩ ገብቷል። አይወርድም። ቁጥሩም አይነቃነቅም፣ ቀይ ሆኖ በርቷል፣ አይወርድም፣ ትንሽ ልቁም፣ ከወረድኩ ዜሮ ነው የሚለው