አራት ዴስክ በሁለት ጣውላ

ሚስ ሃልቮርሰን ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ በረዶም ወላጅም ፈርታ አታውቅም። ዛሬ ግን ድሮ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ እጀታውን መጨበጥ አቃታት። በካናዳ ሳስካችዋን ያለችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ሳምንት ልትፈርስ ስለሆነ፣ የድሮ ተማሪዎች ሊሰናበቷት ተሰብስበዋል። ኦረስት ዲያኩርም እንደሚመጣ ሰምታለች። ይቅርታ ልትጠይቀው ሃምሳ ስድስት ዓመት አስባ አንድም ቀን አልደፈረችም።

ያኔ ዴስኮቹ አራት አራት እየሆኑ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ በሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ላይ በብሎን ይታሰሩ ነበር። የመንደሩ ሰው ሊጨፍርበት ሲመጣ ረድፉን እንዳለ ወደ ግድግዳ መግፋት ነው። ምድጃው ላይ ለምሳ የሚጠበሰው ድንች፣ ገመድ ላይ የተሰጣው እርጥብ ጓንት፣ ሽታው አሁንም አፍንጫዋ ላይ አለ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! የኦረስት እግር ባይኖር ኖሮ ምንም አይወጣለትም ነበር። የዚያ ልጅ እግር አርፎ አያውቅም። ከኋላ ሆኖ ሲያርገበግበው ረድፉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

«ሚስ ሃልቮርሰን፣ ጽሑፌን እኮ ዶሮ የጫረው አስመሰለው!» ትላለች ከፊቱ የምትቀመጠው ዶርቲ።

«እኔ ምን ላድርግ? እግሬ ነው!»

«እግርህን ቤት ትተኸው ና!» ትለዋለች ዶርቲ።

የሃያ ሁለት ዓመቷ መምህርት ታዲያ አንድ ቅዳሜ መጋዝ ይዛ መጣች። ጣውላውን ቆርጣ የኦረስትን ዴስክ ለብቻው ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ የዶርቲም ጽሑፍ አማረ። ግን ለሒሳብ ጥያቄ ሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው ልጅ፣ ጉንጩ በሙቀት ቀልቶ፣ ስትጠይቀው እንኳ ዝም ማለት ጀመረ። አይታለች፤ ግን ጸጥታው ጥሟት ነበር። ኦረስት በጸደይ ለእርሻ እንደወጣ አልተመለሰም።

እጀታውን ሳትነካ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ በእጁ የብሎን መፍቻ ይዞ ቆሟል።

«ሚስ ሃልቮርሰን! አርፋጅ ይቀጡ አልነበር እንዴ? ዛሬ እርስዎን ማን ይቅጣዎት?»

«ኦረስት...» አለች መፍቻውን እያየች። «ያን ጣውላ መቁረጥ አልነበረብኝም። በድዬሃለሁ።»

ኦረስት መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አዎ፣ ከፍቶኝ ነበር» አለ። «እግሬን ሳርገበግብ ዶርቲ ዴስኬን በጀርባዋ ገፋ ታደርገው ነበር፤ ያኔ ሰው አጠገቤ እንዳለ አውቃለሁ። ምድጃ ግን አይገፋማ።»

እሱም ክንዷን ይዞ አስገባት። የድሮው ረድፍ ክፍሉ መሐል ቆሟል። ኦረስት የራሱን ዴስክ መልሶ፣ የተቆረጠው ጣውላ ላይ ብረት ደርቦ፣ በአዲስ ብሎን አጥብቆ አስሮታል። ዶርቲ፣ ጸጉሯ ጥጥ መስሎ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ይምጡ ከፊቴ» አለቻት። «የስንብት መዝገቡ ላይ ይፈርሙ እንጂ።»

ሚስ ሃልቮርሰን ተቀመጠች። ኦረስት ከዶርቲ ኋላ ሄዶ ሲቀመጥ አላየችውም። ስሟን ግማሽ እንዳደረሰች ዴስኩ ተንቀጠቀጠ፤ ብዕሩ ወደ ላይ ሸሸ።

«ኦረስት፣ እግርህን!» አለች በዚያ በድሮ ድምጿ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ዶርቲ በጀርባዋ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ሚስ ሃልቮርሰን እንባዋ እየወረደ፣ ዴስኩም እየተንቀጠቀጠ፣ ስሟን ጨረሰች። ዶሮ የጫረው ይመስላል። በሌላ ገጽ ላይ አስተካክለው ይጻፉ ቢሏት እምቢ አለች።