የኃይሉ ታላቅ ወንድም

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ለጉራ አይደለም የምናገረው። ጆሮዬ የገባውን እንግሊዝኛ እንዳልሰማሁ ሆኜ ማለፍ እንደማልችል እንዲታወቅልኝ ነው። ፋዘር፣ ማዘር፣ ብራዘር፣ ሲስተር፣ አንክል፤ የዘመዱን ስም ሁሉ መምህራችን በዜማ አስጠንተውናል። ሰባተኛ ልገባ ስል እማዬ ወሰንየለሽ "ሱቁን ማን ይጠብቃል?" አለች። እኔ ቀረሁ፤ ኃይሉ ቀጠለ።

እማዬ አልወለደችኝም። ስድስት ዓመት ልጅ አጥታ ኖራ፣ አሰቦት ካሉት ዘመዶቿ ገና ጨቅላ ሳለሁ አመጣችኝ። ሽማግሌዎች ባሉበት አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጠባችኝና የጡት ልጇ ሆንኩ። ሦስት ዓመት እንደሞላኝ ኃይሉን ወለደች። ጎረቤቱ ሁሉ ስሜን ጠርቶ "የዘገየ እግር ነው ማህፀኗን የከፈተው" አለ። እንግዲህ እኔ በከፈትኩት በር ገብቶ ነው ከፊቴ የቆመው። ታላቁ ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም።

በድርቁ ዓመት የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ቀረና ተዘጋ። ኃይሉ ግን ለእህል እርዳታ አሰበ ተፈሪ ለገቡት ፈረንጆች አስተርጓሚ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የምበላው የእሱን፣ የምለብሰውም የእሱን አሮጌ ኮት ሆነ።

አንድ ቀን ልጁን ማሚቴን በረንዳ ላይ እንግሊዝኛ ያስጠናታል። የቤቱን ሰው በሙሉ ደብተሯ ላይ ሥላ፣ እሱ ከየሥዕሉ ሥር ይጽፍላታል። እማዬ ግራንድማዘር፣ ሚስቱ ባየች ማዘር፣ እሱ ፋዘር። እኔን በር አጠገብ ኮቱን አልብሳ ሥላኛለች።

"ዘገየስ ምን ይባላል?" አለችው።

"እሱ ጋ ገና አልደረስንም" አለና ደብተሩን ከደነው።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በርበሬ አሰጣለሁ። ይኸው "ገና አልደረስንም" ያለው ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ቃል ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ያልቃል?

በዚያው ሳምንት የኃይሉ አለቃ የሆነው ፈረንጅ እሁድ ምሳ ሊመጣ ነው ተባለ። ልብስ ሰፊው ታጁዲን ከእኛ ቀድሞ ነው የሰማው።

"አቦ ዘገየ፣ አንተን ምን ብሎ ያስተዋውቅህ ይሆን?"

"ወንድሜ ይላላ።"

"ይላላ" አለ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "ባይልም አብሽር። ፈረንጁ ኮቱን ያውቀዋል።"

እሁድ ሆነ። ፈረንጁ ራሱን ጎንበስ አድርጎ ገባ። ሁላችንም ተሰለፍን።

"ማይ ማዘር" አለ ኃይሉ፤ እማዬ እጅ ነሳች። "ማይ ዋይፍ። ማይ ዶተር።" እኔ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዘገየ። ሂ ሊቭስ ዊዝ አስ።"

አብሮን ይኖራል ማለት ነው። ድመቷም አብራን ትኖራለች።

የፈረንጁን እጅ ጨብጬ አልለቀቅኩም። "አይ አም ኤልደር ብራዘር" አልኩት። "ኃይሉ፣ ያንገር ብራዘር።"

ፈረንጁ ሳቅ ብሎ ወደ ኃይሉ ዞረና አንድ ነገር በፍጥነት ጠየቀው። አልያዝኩትም። ኃይሉ መሬት መሬት እያየ "የስ" አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ምሳ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ኃይሉ ለምሳ መጣና እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ።

"የእህል መጋዘናቸውን ጥበቃ ሥራ ላንተ ጨርሼልህ ነበር" አለኝ። "ሰውየው እሁድ የመጣው አንተን ሊያይ ነው። የሠራተኛ ወንድም አይቀጠርም፤ ደንባቸው ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታጁዲን ጋ ሊደርስ። ከታጁዲን ደግሞ ገለምሶ።"

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ኃይሉ ባለውለታ ለመባል የማይፈጥረው ነገር የለም። ዛሬም ድረስ አላመንኩትም።

እማዬ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

"ይኼ ምን ያስጨንቃል? እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ። የኃይሉ ወንድም አይደለም፣ አልወለድኩትም፣ ማር አልሼ ያሳደግኩት የሰው ልጅ ነው እለዋለሁ። ውሸት አለው?"

"የለውም" አለ ኃይሉ። "እኔ አስተረጉማለሁ።"

ሥራው ደሞዝ አለው፣ ስንዴም አለው። የራሴ ኮት፣ የራሴ ቤት። ሴትዮዋ ለእኔው ብላ ነው፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ግን ስለ ኃይሉ እንዲህ ብላ ታውቃለች? እሱን አልወለድኩትም በይ ብትባል አፏ እሺ ይላት ነበር? አንድ ጊዜ ብቻ "ልጄንስ አልክድም" ትል እንደሆነ ብዬ ጠበቅኳት። ብትለው ኖሮ እኔው ራሴ ሂጂ እላት ነበር መሰለኝ። እሷ ጫማዋን ትፈልጋለች።

"ቁጭ በይ፣ እማዬ።"

"ምነው?"

"ፈረንጅ ፊት እንደዚያ አትይም።"

"ሥራ አጣሁ እያልክ የምታለቅሰው አንተ አይደለህ?"

"ላልቅስ።"

ኃይሉ ትከሻውን ሰበቀ። "ሐሙስ ሌላ ሰው ይቀጥሩበታል። ኋላ በእኔ እንዳታሳብብ።"

"አንተ ጋ ገና አልደረስኩም" አልኩት። ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፤ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ባየች ምሳውን አቀረበች። እማዬ ነጠላዋን ሰቅላ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ሁለታችንንም አየችን፤ ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና ለኃይሉ አጎረሰችው። ሁለተኛውን ወደ እኔ ዘረጋች። አፌን ከፈትኩ።