የአርሴማ ድስት

የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት ነበር፤ አቶ ዓለምነው ያን ጊዜ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንቱ ነው። ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ በጾም ወራት ቅቤ ከድስት ጋር አይገናኝም፤ የጾሙ ዕቃ በፍስክ ይነካላ። ዘይትም ተወዶ ከቤቱ ከጠፋ ሰንብቷል። የዐሥራ አራት ወሯ የልጅ ልጃቸው አርሴማ ግን አናቷ እንዲጠና በየማለዳው ቅቤ ትቀባለች፤ መቀባት መብላት አይደለምና። የምትበላው በውኃና በጨው ብቻ የተሠራ የገብስ ገንፎ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማርያማዊት የሕፃኗን ክንድ በጥብጣብ ለካች። ቢጫ አሳየ፤ አረንጓዴው ደኅና፣ ቢጫው የምግብ እጥረት ማስጠንቀቂያ፣ ቀዩ አደጋ ነው።

«አባባ፣ አናቷስ ጠግቧል፤ የራበው ሆዷ ነው» አለች። «የሕፃን ሆድ ብዙ አይዝም። በጥቂቱ ብዙ ጉልበት የሚሰጣት ቅባት ነው፤ ያለ እሱ ሰውነቷም አእምሮዋም በደንብ አያድግም። ከጡትና ከእንቁላል ጋር፣ ገንፎዋ ላይ ቅቤ ይጨመርላት። አለዚያ ወደ ቀዩ ትወርዳለች።»

እናቷ ሥራነሽ አማቷ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ተናገረች።

«አባቴ፣ እኩዮቿ ይሄዳሉ። የእኔዋ መቆም አቅቷታል።»

አቶ ዓለምነው በትራቸውን አንሥተው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ አካለ ወልድ ሄዱ።

«ሕፃን ይጾማል ያለህ ማን ነው?» አሉ ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ።

«ማንም አላለኝ፣ አባ። ዕቃው እንዳይነካ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ዕቃ ግዛላታ።»

ረቡዕ ገበያ ወጡ። አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ገዙ፤ ከዚያም ጾም ገድፈው የማያውቁት ሰውዬ በሰው ሁሉ ፊት ቅቤ ተራ ገቡ።

«ዓለምነው፣ ፋሲካ በየት አገር ገባ?» አለ ጎረቤታቸው መሳፍንት። ሰው ሳቀ።

«በልጅ ልጄ ጉሮሮ» አሉ፣ ቅቤውን እያስመዘኑ።

የድስቷን ጆሮ በነጭ ክር አስረው፣ ከሌላው ዕቃ ለይተው አኖሯት። ሥራነሽ በየገንፎው ቅቤ ስትጨምር ቆመው ያያሉ፤ ራሳቸው ግን እስከ ፋሲካ አልቀመሱም።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ማርያማዊት ደግማ ለካች። ጥብጣቡ አረንጓዴ ላይ ቆመ። አርሴማም የአያቷን በትር ተደግፋ ተነሣች፤ በትሩን ለቅቃ ሦስት ርምጃ ሄደችና ሊያይ የመጣውን የመሳፍንትን ጉልበት ያዘች።

መሳፍንት አልሳቀም። «ክሩ ተርፏችኋል? እኔም ቤት ሕፃን አለ» አለ።

የሐዋርያት ጾም ሲገባ፣ ከመሳፍንት ቤት ጀምሮ ሰባት ቤቶች ውስጥ ነጭ ክር ያሰረች ድስት ተቀምጣ ነበር። ሰባት ብያለሁ፤ ስምንት ከነበሩ፣ ወይም ቀኑን አዛብቼ ከሆነ፣ የምታውቁ አርሙኝ።