የመከታ ቆዳ

መከታ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጀርባው ላይ ፀጉር በቅሎለት አያውቅም። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የቀወት ቆላ ፀሐይ ሲያገኘው ይደማል። ያም ሆኖ የወልደማርያምን ማሽላ ከከርከሮ የሚጠብቀው ይኸው ውሻ ነው፤ ወልደማርያምም ቅቤ እየቀባ አሳድጎታል። ሰው ቢስቅ ደንታ አልነበረውም።

ጉዱ የመጣው በልጁ በሩት ነው። የምትወደው ታምራት ለእሑድ ሽማግሌ እንደሚልክ ሲሰማ፣ ወልደማርያም ውሻውን በባጃጅ ጭኖ ሸዋ ሮቢት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደው።

«እከክ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ከእናት ካባቱ የወረሰው ነው። ወደ ሰው አይጋባም፤ ግን አይድንም። ቅባቱን አይተዉበት።»

ምነው እከክ በሆነና በተገላገለ! ሽማግሌ እኮ ሰባት ቤት ቆጥሮ ደዌ የሚፈልግ ፍጡር ነው። በዘር የመጣ ቆዳ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ካየ፣ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ የውሻ ዘር ከእኛ ዘር ምን አገናኘው?» አለችው ሚስቱ ከበቡሽ።

«ሰው ወሬ ካገኘ መች ይለያል?»

ቅዳሜ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ በገዛ እጁ ሰጠው። መከታ ጭራውን እየቆላ በላለት። ሲቀብረው አለቀሰ፤ ይሉኝታ የማያስደርገው የለም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። የታምራት አጎት ተነሥቶ ቆመ።

«ጋሼ ወልደማርያም፣ አንደብቅዎትም። ልጃችን ጀርባው ላይ ለምጽ አለበት፤ አባቱም ነበረበት። ሌላ ቤት ጠይቀን ዘራችሁ አይሆነንም ብለው መልሰውናል። እርስዎ ግን ያን ቆዳው የተላጠ ውሻ ሳይጸየፉ ሲያሳድጉ አየን። እንስሳውን ያልናቀ ልጃችንን አይንቅም ብለን መጣን።» ወደ ደጅ ዞር ብሎ ተመለከተ። «ለመሆኑ የት ሄደ? ዛሬ አልጮኸብንም።»

«ጅብ...» ብሎ ጀመረ ወልደማርያም።

«አባባ ነው የገደለው» አለች ሩት ከጓዳ። «ቆዳውን እንዳታዩት ብሎ።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ወልደማርያም ልጄን እሰጣለሁ፣ ለምጽ ምኔም አይደል ብሎ ሊምል ቃጣው። ግን ማን ያምነዋል?

አጎትየው ዱላውን አነሣ። ሌሎቹም ተከትለውት ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ውሻው በቆዳው መገደሉን ለታምራት አንነግረውም» አለ። «ሩት አልፈለገችህም እንለዋለን።»