የመርከቧ አሮጊት

"ዛሬውኑ አስወጣታለሁ ጌታዬ። አሮጊቷ ቦታ ከመያዝ በቀር የምትፈይደው ነገር የለም" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ደንበኛው ሲመለስ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። አማቱ ጫማቸውን አድርገው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

"ምነው እማማ፣ ወዴት ነው?"

"ቦታ እንዳልይዝብህ ብዬ ነዋ።"

"ኧረ እርስዎን አይደለም። የመርከቧን አሮጊት ነው።"

ሰፈሩ "ጠፈሩ" ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ጦርነት ልቦለድ ሲጽፍ ኖሯል። አንድ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር ለሚላጨው ሰው ይተርክለታል፤ ሰውየው ካንቀላፋ ምዕራፉ ይቆረጣል። ምላጭ ጉሮሮህ ላይ ይዞ የሚተርክ ሰው ፊት ማንቀላፋት እንግዲህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ሁለት አሳታሚዎች መልሰውበታል። ሦስተኛው፣ አሁን በስልክ ያናገረው፣ በጠፈር መርከቧ ላይ ያለችው አሮጊት የምትገኝበት አርባ ገጽ እስከ ስድስት ሰዓት ካልወጣ አላትምም ብሏል፤ ታሪኩን ትጎትተዋለች ባይ ነው። ከእሱ ወዲያ የሚሞክረው ሰው የለም። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጠፈሩ ምላጩን ይዞ ሰዓቱን ያያል።

"እኔንም እንቅልፍ የሚጥለኝ እሷ ስትመጣ ነው" አለ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ የለበሰው የአውቶቡስ ሾፌር። "ዛሬ ግን ሰዓት እያየህ ስትላጨኝ አልተኛም።"

እማማ ሻንጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ምን አጥፍታ ነው የምትባረረው?"

"ምንም። የአብራሪው እናት ናት። ልጇ ውጊያ ሲወጣ ሸሚዙን ተኩሳ ትጠብቀዋለች። በቃ።"

"ይመለሳል?"

"አይመለስም።"

"እሷን ካስወጣሃት መቅረቱን ማን ያውቅለታል?"

ጠፈሩ ምላጩን አስቀመጠ። "ማንም" አለ። "መርከቧ በሚቀጥለው መስመር ሌላ ዓለም ትደርሳለች።"

"ሸሚዙንስ ምን አደረገችው?" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። "እኔ እዚያ ላይ ነው የተኛሁት።"

"በየጠዋቱ እንደገና ትተኩሰዋለች።"

በሾፌሩ ፊት ላይ አረፋው መድረቅ ጀምሯል።

ጠፈሩ እጁን በፎጣ ጠርጎ ስልኩን አነሳ። "አሮጊቷ ትቆያለች። በምትኳ ሦስት ውጊያ እቆርጣለሁ" ብሎ ለአሳታሚው ጻፈ። ሁለት ጊዜ አጠፋው፤ ሁለት ጊዜ መልሶ ጻፈው። ከዚያ ላከውና ከእማማ አጠገብ ተቀመጠ።

"በቃ እማማ፣ ሻንጣዎን ይፍቱ።"

እማማ ስልኩን አዩ። ሻንጣውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"መጀመሪያ ሰውየው ስለ አሮጊቷ ምን እንደሚል እንስማ።"