የሚጣ ቁርስ

ልጃችን መስከረም አዲስ አበባ ስታገባ፣ ባሏ ውሻ አይወድምና ሚጣን ሰቆጣ ድረስ አምጥታ ጣለችብን። ሚጣ ቺዋዋ ከሚባለው ዘር ናት። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት፣ ቁመቷ ግን ከድመት አይበልጥም። ባለቤቴ ቄስ ገብረ አምላክ ይህን የሚያህል ውሻ ቡችላ እንጂ ሌላ አይደለም ብለው፣ ስታድግ በር እንድትጠብቅ በጥጃ ገመድ እንዳስራት አዘዙኝ። እሳቸው ቄስ ናቸውና ውሻ አይነኩም።

ሁዳዴ ገባ። ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ውሻዋ በጠዋት ብትበላ ነውር ነው አሉ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሚጣ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ አሳምነው ሮጥኩ። ድዷን ማር ቀባና ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቀ። ከዚያ ቆጣ ብሎ አስረዳኝ። ይህ ዘር በሰውነቱ ስንቅ የለውም፤ ሆዱ ባዶ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ይሞታል። ጥርሱ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ጉልበቱ ይወልቃል፣ የአየር ቧንቧው ስስ ስለሆነ አንገቱ በገመድ አይያዝም። ከተጠነቀቁለት ግን እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ይኖራል።

ሁሉንም ለቄሱ ነገርኳቸው። ገመዱን ፈታሁት፣ ቁርስም ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ አምደወርቅ ያለችው እህቴ ዓይናዲስ ታመመችና መሄድ ግድ ሆነብኝ። የቄሱ ሰሞን ነበር፤ ተራቸው ደርሶ የሚቀድሱበት ሳምንት። ቀዳሽ ውሻ ከነካ ያን ቀን መቅደስ አይገባም። ፍትፍቷን በሳህን አስቀምጠውላት እንዲሄዱ ለምኜ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሚጣን ሳስብ ዋልኩ። ብትወድቅ ማን ያነሣታል?

በማግስቱ ስመለስ በቅዳሴ ሰዓት ቄሱ ቤት ናቸው። ሚጣ ጋቢያቸው ውስጥ ተኝታለች። ጣታቸው ማር በማር ሆኗል።

«ሰሞንዎ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«በእኔ ፋንታ ቄስ ይርዳው ገቡልኝ። ሳህኑን ሳትነካ ቀረች፤ ልወጣ ስል ወደቀች። አነሣኋት።»

እንባዬ መጣ። እኚህ ሰው መስከረምን ሳምጥ እንኳ ሰሞናቸውን አስቀርተው አያውቁም። ደስ አለኝ፣ ቀናሁም።

«ስንት ዓመት ቀርቷታል አለሽ ሐኪሙ?»

«ስድስት፣ ከተጠነቀቅንላት።»

ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ሸፈኗት።

«እንግዲህ ሰሞኔ ሲደርስ አንቺ ከቤት አትውጪ» አሉ።